ቅባት ጨርሶ ሲቀር ቫይታሚኖቹስ? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ምግብ ንጥረ ነገሮች እያነበብኩ አንድ ቦታ ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ።

ካርቦሃይድሬት ኃይል ይሰጣል፣ ፕሮቲን ሰውነትን ይገነባል፣ ይጠግናል። እስከዚህ ገብቶኛል። ግራ ያጋባኝ ቅባት ነው። አንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል፤ ካርቦሃይድሬትና ፕሮቲን ግን 4 አካባቢ። ክብደት መቀነስ የፈለገ ሰው ቀድሞ ቅባትን ቢተው አይገርምም። እናቴም ሐኪም ሳታማክር ዘይት የሚባል ነገር ከምግቧ አውጥታለች። በጣም አሳስቦኛል።

ምክንያቱም ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ የሚሟሙት በቅባት ነው። አንጀት በደንብ የሚቀበላቸውም ከቅባት ጋር ሲመጡ ነው። የሕዋስ ሽፋንም የሚሠራው በዋናነት ከቅባት ነው። ሰውነት ራሱ ሊያዘጋጃቸው የማይችላቸው፣ የግድ ከምግብ የሚገኙ ኦሜጋ 3 እና ኦሜጋ 6 የሚባሉ የቅባት አሲዶችም (ቅባት የሚሠራባቸው ክፍሎች) አሉ።

እነዚህ ቫይታሚኖች እንዲሠርጉ በአንድ ማዕድ ምን ያህል ቅባት ይበቃል? ከአትክልቱ ጋር አብሮ መበላት አለበት ወይስ በቀኑ ውስጥ መገኘቱ ብቻ በቂ ነው? ጉበት ቫይታሚን ኤን ስለሚያከማች ጉድለቱ ቶሎ ላይታይ ይችላል፤ ይሄ ነው የሚያስፈራኝ። ሥነ ምግብ የተማራችሁ፣ ለእናቴ ሳላስደነግጣት እንዴት ላስረዳት?