ዝቅተኛ የሁለተኛ ደረጃ ውጤትን ለማሻሻል፦ የትኛው አገልግሎት ለማን ይጠቅማል?

ውጤታቸው ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ያልበቃ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው «የትኛውን ትምህርት ቤት፣ የትኛውን አስጠኚ፣ የትኛውን መተግበሪያ እንምረጥ?» ብለው ይጠይቁኛል። ድጋሚ ተፈታኞችን ለዓመታት ሳስጠና እንዳየሁት፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት አንድ ያለፈ ዓመት ፈተና ሰዓት ይዞ መሥራት፣ ከዚያም የተሳቱትን ጥያቄዎች ጭራሽ ያልተማርኩት፣ ተምሬ የረሳሁት፣ እያወቅሁ በጥድፊያ ያበላሸሁት ብሎ መለየት ያስፈልጋል። ሦስቱ የሚፈልጉት እርዳታ የተለያየ ነው።

አንድ ተማሪዬ የሚከብደው ፊዚክስ እንደሆነ አምኖ ዓመት ሙሉ የፊዚክስ ማጠናከሪያ ተከታትሎ ነበር። ደብተሩን አብረን ስንመለከት ቀመሮቹ ሁሉ በትክክል ተጽፈዋል፤ ነገር ግን ጊዜን አውጣ በተባለበት ጥያቄ ሁሉ የመጨረሻውን ፍጥነት በአክስለሬሽኑ ካካፈለ በኋላ ነበር የመነሻውን ፍጥነት የሚቀንሰው። መቅደም የነበረበት መቀነሱ ነው። የጎደለው ፊዚክስ ሳይሆን በታችኛው ክፍል ያለፈው አልጀብራ ነበር፤ ያን የሚያህል ጊዜ ማባከኑ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

እንዲህ ያለ የመሠረት ክፍተት ላለበት ተማሪ የመጀመሪያ ጥቆማዬ ካን አካዳሚ የተባለው የኢንተርኔት መማሪያ ነው። ሳልማን ካን በ2008 ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት አድርጎ የመሠረተው ይህ አገልግሎት በነፃ የሚሰጥ ሲሆን፣ ማንም ሳያየውና ሳያፍር ወደ ታችኛው ክፍል ሒሳብ ተመልሶ ደረጃ በደረጃ ለመውጣት ያስችላል። ይሁን እንጂ ቪዲዮውን አይቶ «ገባኝ» ማለት በቂ ስላልሆነ ከሥሩ ያሉትን መልመጃዎች መሥራት ግዴታ ነው፤ ቅደም ተከተሉም ከእናንተ መማሪያ መጽሐፍ ጋር ላይገጥም ይችላል።

የሚረሳ ነገር ለበዛበት፣ ለምሳሌ ለባዮሎጂ ስያሜዎች ወይም ለኬሚስትሪ ምልክቶች፣ አንኪ የተባለውን የፍላሽ ካርድ (በአንድ ገጹ ጥያቄ፣ በሌላው መልሱ ያለበት ካርድ) ፕሮግራም አስቀድማለሁ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት ይረሳል፤ አንኪ ደግሞ ካርዱን ሊረሳ ሲል መልሶ በማምጣት ይህን ይከላከላል። ካርዱን ተማሪው ራሱ ቢያዘጋጀው ይሻላል። ለስሌት ጥያቄ ግን ብዙም አይረዳም።

አስጠኚ ወይስ የማጠናከሪያ ክፍል? አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ቤንጃሚን ብሉም በ1984 ባወጣው ጽሑፍ አንድ ለአንድ የሚሰጥ ትምህርት ከመደበኛው ክፍል እጅግ የላቀ ውጤት እንደሚያስገኝ ገልጾ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ያገኙት ጥቅም ከዚያ ያነሰ ቢሆንም እውነተኛ ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው ግን አስጠኚው የሚሠራበት መንገድ ነው። የመጀመሪያውን ሰዓት ተከታተሉና እስክሪብቶው በማን እጅ እንደቆየ ተመልከቱ፤ አስጠኚው እየሠራ ተማሪው የሚገለብጥ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ብዙ ተማሪ ያለበትን ክፍል የምጠቁመው ብቻውን ሲሆን መርሐ ግብር መጠበቅ ለሚያቅተው ነው፤ እሱም የፈተና ወረቀት ታርሞ ከነማብራሪያው የሚመለስበት ከሆነ ብቻ።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 ባካሄዱት ሙከራ ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ከአምስት ደቂቃ በኋላ የተሻለ ሲያስታውሱ፣ ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት መጽሐፉን ዘግተው ያስታወሱትን ለመጻፍ የሞከሩት ነበሩ። ስለዚህ ያለፉ ፈተናዎችንና የስህተት ደብተርን ከሚከፈልበት አገልግሎት ሁሉ አስበልጣለሁ። በስህተት ደብተሩ የተሳተው ጥያቄ፣ የተሳተበት ምክንያትና ያለ እርዳታ እንደገና የተሠራው መልስ ጎን ለጎን ይጻፋሉ።

ድጋሚ ከመፈተናችሁ በፊት የምትፈልጉት ትምህርት ክፍል የሚያየው የትኞቹን ትምህርቶች እንደሆነ፣ የሚይዘውም የተሻለውን፣ የመጨረሻውን ወይስ አማካዩን ውጤት እንደሆነ ጠይቁ። የመሰናዶ ዓመት የሚሰጥ ተቋም ደግሞ ትምህርቱን ማጠናቀቅ ቦታ ያስገኝ እንደሆነ ወይስ ማመልከቻ ለማስገባት ብቻ የሚያበቃ እንደሆነ በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ። በ1969 የተቋቋመው የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ለአብዛኞቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶቹ የቀድሞ ውጤት አይጠይቅም፤ ሆኖም የርቀት ትምህርት ጠንካራ ልማድ ስለሚፈልግ፣ ዲግሪውም በምትኖሩበት አገር እውቅና ማግኘቱን አስቀድሞ ማጣራት ስለሚገባ፣ እንደ አቋራጭ መንገድ አልጠቁመውም።

የትኛውንም ብትመርጡ ከአንድ ወር በኋላ ሌላ ያለፈ ዓመት ፈተና በተመሳሳይ ሰዓት ሥሩና ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩት። ነጥቡ ብዙም ባይጨምር እንኳ የስህተቱ ዓይነት ከተለወጠ በያዛችሁት ቀጥሉ፤ ያው ስህተት በዚያው ቦታ ከተገኘ ግን ለሁለተኛ ወር አትክፈሉ።