«ሞራል እንደየሰዉ ነው» ላልከው ጎረቤታችን

4ኛ ፎቅ፦ ትናንት እዚሁ የብሎኩ ግሩፕ ላይ የውሃ መሳቢያ ዲናሞህን ከመስመሩ ላይ ንቀለው ስንለው «ሞራል እንደየሰዉ ነው፣ የናንተን ሞራል እኔ ላይ አትጫኑ» ብሎ ጽፎ ለተኛው ሰውዬ ነው ይሄ። ቱሉ ዲምቱ ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ውሃ በፈረቃ በሳምንት አንዴ ማክሰኞ ሌሊት ነው የሚመጣው፣ 9 ሰዓት ላይ ተነስቼ ቧንቧውን ስከፍተው ፊሽ እያለ አየር ይተፋብኛል፣ ከታች ደግሞ ያ ነገር እምምም እያለ ይስባል። አንድ ሮቶ አልበቃው ብሎ ሁለተኛ ገዝቷል። እኔ ጠዋት ልጅ አዝዬ ከጋሪ ላይ ጀሪካን እገዛለሁ። እንደየሰዉ ማለት ይሄ ነው?

ግራውንድ፦ እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። ዲናሞውን በገንዘቤ ነው የገዛሁት። ዲናሞ ክልክል ነው የሚል ወረቀት ካላችሁ አምጡ፣ ከሌላችሁ የቀረው ስሜት ነው። እዚህ አገር እኮ ባሪያ መግዛት ነውር ያልነበረበት ጊዜ ነበር፣ ዛሬ ነውር ነው። የቱ ነው ትክክሉ? እንደየጊዜው ነው። አለቀ። ፊሎዞፊ ነው የነገርኳችሁ።

የራይዱ፦ ፊሎዞፊው ግራውንድ ስለደረሰህ ነው እንጂ 4ኛ ፎቅ ቢደርስህ አይገባህም ነበር ሃሃሃ

ቲቸር፦ «ነውር አልነበረም» ያልከውን ማን ነው የነገረህ? ባሪያው ነው ጌታው? ባርነትን የከለከለው አዋጅ የወጣው በ1934 ነው፣ ግን ከዚያ በፊት ሌሊት ጠፍቶ ጫካ ለጫካ የሚሮጠው ሰው አዋጅ አንብቦ ነው እንዴ የሚሮጠው? እናንተ እንደየጊዜው ስትሉ እንደየባለጊዜው ማለታችሁ ነው።

የራይዱ፦ እንደየባለጊዜው!! ስክሪንሾት አድርጌዋለሁ

ሎው፦ እኔም ልጨምር። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴት የጠለፈ ሰው በኋላ በፈቃዷ አገባችው ከተባለ አይከሰስም ነበር። «በፈቃዷ» የሚለው ደግሞ እንዴት እንደሚመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ሽማግሌ ተልኮ ነው። ያንን በር የዘጋው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው፣ አሁን ለማግባት ብሎ ሴት መጥለፍ ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል። እና በግራውንድ ሂሳብ በ1990 የተጠለፈችው ልጅ አልተበደለችም፣ በ1998 የተጠለፈችው ግን ተበድላለች ማለት ነው?

ግራውንድ፦ እኔ ሴት ጠለፍኩ? ውሃ ነው የሳብኩት። ደግሞ ራስሽ ተለወጠ አልሽ። ተለወጠ ካልሽ እንደየጊዜው ነው ብለሻል፣ ለኔ ነው የመሰከርሽው፣ አመሰግናለሁ።

ባለሱቁ፦ አይ እዚች ላይ ተሳስተሃል ወንድሜ። አምና የኔ ሚዛን ተበላሽቶ ሦስት ሳምንት ሲያጎድል ቆየ፣ ከዚያ አስተካከልኩት። የተለወጠው ሚዛኑ ነው እንጂ ኪሎው ያኔም ኪሎ ነበር።

ቲቸር፦ ባለሱቁ ዛሬ ገደልከው። እኔ በአንድ ሴሚስተር የማላስረዳውን።

4ኛ ፎቅ፦ ቆይ ቆይ። ሦስት ሳምንት?

ባለሱቁ፦ ምሳሌ ነው እህቴ

4ኛ ፎቅ፦ «አምና የኔ ሚዛን» አልክ እኮ። ለልጄ ልደት 5 ኪሎ ስኳር የወሰድኩት አምና ነው። ኬኩ አልጣፈጠም ብለው ሲያሙኝ የነበሩት በከንቱ ነዋ

ባለሱቁ፦ ሳላውቅ ነው፣ ሳውቅ አስተካከልኩ። እንደ አንዳንዱ ሰው እያወቅኩ አይደለም።

4ኛ ፎቅ፦ ካስተካከልክ በኋላ ለማን መለስክ?

ግራውንድ፦ ሃሃሃሃ እንኳን ደህና መጣህ ባለሱቁ! ሁሉም ቤቱ ዲናሞ አለው፣ የኔ ድምፅ ስላለው ነው። በ2016 መጋቢት ንግድ ባንክ ሲስተሙ የተበላሸ ሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰልፎ የራሱ ያልሆነ ብር ሲያወጣ ያደረው ማን ነበር? ባንኩ ራሱ 800 ሚሊዮን ብር ገደማ ተወሰደብኝ ነው ያለው። ብዙው ተማሪ፣ ነገ ሐኪም ነገ ዳኛ የሚሆን። ያን ሌሊት ያ የማይለወጥ ሞራላችሁ ተኝቶ ነበር?

ሎው፦ እኔ ያኔ ካምፓስ ነበርኩ። ዶርማችን ውስጥ የሮጠም ነበር ተሸፋፍኖ የተኛም ነበር። የሮጡት ግን ጠዋት ካፌ ላይ ድምፃቸው ጠፋ፣ አንዷም «ወሰድኩ» አላለችም። እንደየሰዉ ከሆነ ምን አሳፈራቸው? ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ የለጠፈው እኮ ከዚያ በኋላ ነው።

የራይዱ፦ ፎቶ ባይለጠፍ ይመልሱ ነበር?

ጋሽ፦ ልጆች ሰላም እደሩ። ይሄ እኮ ድሮ ይሉኝታ የምንለው ነው። እኛ ተማሪ ቤት ግብረ ገብ የሚባል ትምህርት ነበረን፣ መምህሩ አለንጋ ይዞ ይገባል። ሰው ሰውን ያፍር ነበር። አሁን ያ ጠፋ።

ቲቸር፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሉኝታ ሌላ ነው። ይሉኝታ «ሰው ምን ይለኛል» ነው፣ ሰው ከሌለ እሱም የለም። ትምህርቱንም አልወቅሰውም፣ እኔ ራሴ ስንት ዓመት ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር አስተማርኩ፣ 11 ምዕራፍ፣ 11 እሴት፣ የሕግ የበላይነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ ቁጠባ፣ ልጆቹ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ያወርዱታል። «ኃላፊነት» የሚለው ምዕራፍ ፈተና ላይ አንዱ ከጓደኛው ሲኮርጅ የጓደኛውን ስም ጭምር ገልብጦ አስረከበኝ።

የራይዱ፦ ሃሃሃ ስንት ሰጠኸው

ቲቸር፦ ለጓደኛው ሁለት ጊዜ ሰጠሁት

ኡሙ፦ ፈጣሪን ከመሃል አውጥታችሁ እስከ ነገ ብትከራከሩ አትደርሱበትም። የጎረቤት ሐቅ አለ። ሰው ባያይ አላህ ያያል። ያቺ 4ኛ ፎቅ ያለች ሴትዮ ልጅ አዝላ ጀሪካን ስትሸከም የሳባት ውሃ የቂያማ ቀን ይጠየቅባታል።

4ኛ ፎቅ፦ አሜን ኡሙዬ

ግራውንድ፦ በፈጣሪ ከሆነ ደግሞ የማን? ያንቺ አንድ ይላል፣ የሷ ሌላ ይላል። ይኸው አሁንም እንደየሰዉ ሆነ።

ቲቸር፦ በውሃ ጉዳይ የሁለቱም አንድ ነው፣ አላየህም አሜን ስትላት? ይህቺን ጥያቄህን ደግሞ ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ «ሐተታ» በሚለው መጽሐፉ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ዋሻ ውስጥ ተደብቆ ጠይቋታል፣ ሁሉም የኔ ነው ልክ ካለ ማን ይፍረድ ብሎ። ፈጣሪ ለሁሉም የሰጠው ልቡና ይፍረድ ነው ያለው።

ሎው፦ ሐተታውን ጣልያን ሚሲዮናዊ ነው የጻፈው ይባል የለ? ተመራማሪው ኮንቲ ሮሲኒ እኮ እንደዚያ ያለው በ1920ዎቹ ነው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር

ቲቸር፦ በ1920 ነው፣ ዎቹ የለውም። ሌላው ተመራማሪ ክላውድ ሰምነር ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ተከራክሯል።

ሎው፦ ሰምነር ካናዳዊ ነው፣ የኛን ነገር በፈረንጅ ምስክር

ቲቸር፦ ያንቺስ ኮንቲ ሮሲኒ ጉራጌ ነው?

የራይዱ፦ በናታችሁ ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ወደ ውሃው ተመለሱ

ጋሽ፦ እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ልጄ፣ ዲናሞውን ለምንድነው በብርድ ልብስ የጠቀለልከው?

ግራውንድ፦ ድምፁ እንዳይረብሻችሁ ነዋ። ይኸው ሞራል ካላችሁ።

4ኛ ፎቅ፦ ውይ እንዴት ያሳዝናል፣ ለኛ አስቦ

ግራውንድ፦ ጋሽ እርሶም ካነሱት አይቀር፣ የኮሚቴ ሰብሳቢ ነዎት፣ ለጋራ ሮቶ ብላችሁ ካቻምና ከያንዳንዳችን 1500 ብር ሰብስባችኋል። ሮቶው ቢገዛ እኔ ዲናሞ ምን ያደርግልኛል? የት አለ?

ጋሽ፦ ሒሳቡ ደብተር ላይ አለ።

ግራውንድ፦ ደብተሩስ?

ጋሽ፦ ጸሐፊዋ ጋ ነው። እሷ ደግሞ ክፍለ ሀገር ናት። እኔ በዚህ ዕድሜዬ በሰው ብር አልጠረጠርም።

የራይዱ፦ ጋሼ ማንም አልጠረጠረም፣ ሮቶው የት አለ ነው የተባለው

ባለሱቁ፦ 4ኛ ፎቅ ነገ ነይ ግማሽ ኪሎ ስኳር እሰጥሻለሁ፣ እዚህ ግሩፕ ላይ ስሜ እንዳይነሳ

4ኛ ፎቅ፦ በየትኛው ሚዛን

ባለሱቁ፦ በቃ ተይው

ቲቸር፦ ግራውንድ አልመለስክም እኮ። እንደየሰዉ ከሆነ፣ ማታ ጋሽ የጋራ ሮቶውን ብር በልተው ቢሆን አንተ ላይ ግፍ ነው ወይስ የሳቸው ሞራል ነው?

ጋሽ፦ ምሳሌም ቢሆን እኔን አታድርገኝ ልጄ

ግራውንድ፦ እሱ ሌላ ነው። እሱ ብር ነው። ነገ ሥራ አለብኝ፣ ደህና እደሩ።

4ኛ ፎቅ፦ 9 ሰዓት ሆነ። ከታች እምምም የሚለው ምንድነው?

ግራውንድ፦ ፍሪጅ ነው።

4ኛ ፎቅ፦ ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ የሚሠራ ፍሪጅ?