በሕመም ፈቃድ ላይ እያሉ የስንብት ደብዳቤ ሲመጣ

ጥያቄ፦ ሰላም የቤቱ ሰዎች። እህቴ የግል ድርጅት ቋሚ ሠራተኛ ናት። ቀዶ ሕክምና አድርጋ በሐኪም ፈቃድ ቤት ሳለች «ከሥራ ቀርተሻል» ብለው አሰናበቷት። ይቻላል እንዴ?

መልስ፦ ማስረጃዋ ካልጎደለ አይቻልም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ ከታመመችበት ቀን በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አላት፦ 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ 2 ወር ግማሽ፣ 3 ወር ያለ ክፍያ። ሰው የሚሸነፈው በወረቀት ነው። የሐኪም ማስረጃው መንግሥት ካወቀው የሕክምና ተቋም ይሁን፤ የዕረፍቱ ቀናትም የቀረችባቸውን ሁሉ ይሸፍኑ። በቀረች ማግስት ማሳወቅም ነበረባት። ለአለቃ ስልክ መደወል ብቻውን ኋላ ይካዳል፤ የድርጅቱ መዝገብ ቤት ማኅተም የመታበት የማሳወቂያ ደብዳቤ ቅጂ ነው የሚያዋጣው።

መልስ፦ ልጨምር፤ ቀኑ እንዳያልፍባት! ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ ከስንብቱ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜው በማለፉ) ይታገዳል። የክፍያ ጥያቄ 6 ወር አለው። ፍርድ ቤቱ ካልመለሳት የአማካይ ቀን ደመወዟ 180 እጥፍ ካሳ አለ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያም እንዲሁ። «ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ክሊራንስ (የሥራ መልቀቂያ ወረቀት) ላይ ግን በፍጹም እንዳትፈርም።

መልስ፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ ይህ አዋጅ እናንተን አይመለከትም።