ጅራቷ የተመለጠችውን ቀበሮ እንዴት ልርዳት?

ማታ ማታ ጓሯችን የሚመጡ ቀበሮዎች አሉ። መብራት አጥፍቼ በመስኮት አያቸዋለሁ፤ በጣም ነው የምወዳቸው። አሁን ግን አንዷ አሳስባኛለች። የጅራቷ ፀጉር ተመልጧል፣ ጎኗም ቅርፊት ይዟል። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቁጭ ትልና በኋላ እግሯ ገላዋን ታካለች። እከክ ሳይሆን አይቀርም፤ ያ ቆዳ ውስጥ እየሰረሰሩ የሚገቡ ጥቃቅን ተባዮች የሚያመጡት።

መድኃኒቱን ምግብ ውስጥ ደብቀው የሚሰጡ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ጭንቀቴ እዚህ ላይ ነው። ሌላዋ ቀበሮ የምታጠባ ናት፣ ምግብ ላይ ቀድማ የምትደርሰውም እሷ ናት። የጎረቤት ድመትም አለች። ላልታሰበለት እንስሳ ቢደርስስ? ለታመመችው ብቻ እንዲደርሳት ማድረግ የቻላችሁ፣ እንዴት አደረጋችሁ? ወይስ ራሴ ምንም ሳልነካ የዱር እንስሳት ሐኪም ልፈልግ? እየባሰባት ነውና ቶሎ መልሱልኝ።