የቡና መፍጫዬ ድምፅ በበሩ እያለፈ ቤቱን ረበሸ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ከቆጪ ሰፈር፣ ጅማ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ውስጥ ቡና ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ አሽጌ ለሱቆች አስረክባለሁ። መፍጫው ያለው ከሳሎኑ ጀርባ ባለች ትንሽ ክፍል ነው። ቀን ቀን መብራት ስለሚጠፋ ብዙ ጊዜ የምፈጨው ማታ ነው። ሳሎን ውስጥ አማቴ ይተኛሉ፤ አሟቸዋል። ልጄም የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት።

በሩ ኮምፖርሳቶ ነው፤ ሲያንኳኩት ውስጡ ባዶ መሆኑ ይታወቃል። ከታች 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት አለው። ስፖንጅ ልለጥፍበት አስቤ ነበር። የእንቁላል ካርቶን ይሻላል ያሉኝም አሉ። ገንዘቤን ሳላባክን እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።

አናጢ፣ ፈረንጅ አራዳ

እህቴ፣ ስፖንጁንም ካርቶኑንም ተዪው። ክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ይቀንሳሉ እንጂ ድምፁ ወደ ሳሎን እንዳያልፍ አያግዱም። ድምፅ የሚያግደው ክብደትና ጥብቅ አገጣጠም ነው።

መጀመሪያ ክፍተቱን ድፈኚ። ማታ ሳሎኑን አጨልሚና ሌላ ሰው ከውስጥ ባትሪ ያብራ። ብርሃን በወጣበት ሁሉ ድምፅም ይወጣል። የቁልፉን ቀዳዳ እንዳትረሺ። በመቃኑ ዙሪያ ማጣበቂያ ያለው የበር ጎማ ለጥፊ። ከዚያ ወረቀት በመሀል አድርገሽ በሩን ዝጊና ሳቢው። ዝም ብሎ ከወጣ፣ እዚያ ቦታ ላይ ጎማው በሩን አልነካውም። ለታችኛው ከአሮጌ የመኪና የውስጥ ጎማ ቁረጪና በቀጭን ጣውላ ከበሩ ግርጌ ጋር አስመቺው። ወለሉን ነካ ማድረግ አለበት።

ክብደቱ ከዚያ በኋላ ነው። 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራ ከባድ ጣውላ) በበሩ አንድ ገጽ ላይ ይመታ፤ መቃኑን እንዳይገጭ ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ ይቆረጥ። በሩ 2 ሜትር በ80 ሴንቲ ከሆነ ወደ 20 ኪሎ ይጨምራል። ስለዚህ ሦስተኛ ማጠፊያና ረጃጅም ብሎን የግድ ነው። አለዚያ በሩ ይወርድና ክፍተቱ ተመልሶ ይመጣል።

የፊዚክስ አስተማሪ

አናጢው ልክ ነው፤ በቁጥር ላስረዳ። 2 ሴንቲ በ80 ሴንቲ 160 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ከበሩ 1 በመቶ ነው። ያቺ 1 በመቶ ክፍት ከሆነች በሩ ከብረት ቢሠራ እንኳ ድምፁን ከ20 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብዙም አልፎ አይቀንስልሽም። 10 ዴሲቤል ሲቀነስ ደግሞ ለጆሯችን ድምፁ በግማሽ የወረደ ያህል ነው። ጎማው ርካሽ ቢሆንም ትልቁን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው።

የማሽን ጠጋኝ

ከመፍጫው ሥርም ወፍራም ጎማ አንጥፊ። ከግድግዳውም አርቂው። ንዝረቱ በወለልና በግድግዳ ከሄደ በሩ ምንም አያደርግለትም። የላሉ ብሎኖችንም አጥብቂ።

ነርስ

ይቅርታ፣ በሩ ከመታሸጉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቡናውን የምትቆዪው በምንድን ነው? እዚያው ክፍል ውስጥ ነው?

ጠያቂዋ

አዎ፣ እዚያው ነው። በከሰል ነው የምቆላው። መስኮት አላት፤ ሲዘንብ ግን እዘጋዋለሁ።

ነርስ

እባክሽ እህቴ፣ ከሰሉ ሳይወጣ በሩን እንዳታሽጊ። የከሰል ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ አለው። ሽታም ቀለምም የለውም። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፤ ከዚያ ሰው ሳያውቀው ራሱን ይስታል። አሁን በበሩ ሥር የምትገባው አየር ትንሽም ቢሆን እየረዳችሽ ይሆናል። ጅማ ደግሞ ዝናቡን ታውቂዋለሽ፤ መስኮቱ የሚዘጋው ብዙ ቀን ነው። ጄኔሬተር ያላችሁም ቤት ውስጥ አታስነሱት፤ ችግሩ ያው ነው።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ። እውነትም ስቆላ ራሴን ያመኝ ነበር፤ ድካም ነው እያልኩ። ከነገ ጀምሮ ውጭ ማድ ቤት ነው የምቆላው።

የቤት እመቤት፣ ቦሳ ቀጦ

የኛ ቤት የጭቃ ነው። በሩን አሳምረን ድምፁ ግን አልቀነሰም። ለካ ግድግዳው ኮርኒሱ ጋ ነው የሚያበቃው፤ ድምፁ በኮርኒሱ ላይ አልፎ ነው የሚመጣ። የሁለቱን ክፍል ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው በጭቃ ካስመረግነው በኋላ ነው እፎይ ያልነው። ኤምዲኤፉን ሳትገዢ ይህን እዪ።

ጠያቂዋ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

ከሰሉ ወጥቷል። ጎማውን በዙሪያውና ከታች አድርጌያለሁ፤ ከመፍጫው ሥርም አንጥፌያለሁ። ልጄ አሁን በሩ ተዘግቶ ታጠናለች። አማቴ ግን አሁንም ይሰማኛል ይላሉ። ወንድሜ ኮርኒሱ ላይ ወጥቶ አየው፤ እንደተባለው ግድግዳው ኮርኒሱ ጋ ያበቃል፤ እስከ ቆርቆሮው አይደርስም። ኤምዲኤፉን ትቼ መጀመሪያ እሱን ላስመርግ?

አናጢ፣ ፈረንጅ አራዳ

አዎ፣ እሱን አስቀድሚ። የኤሌክትሪክ ሽቦው እዚያ ስለሚያልፍ ቆጣሪው ጠፍቶ ይሥሩ። ጭቃው በደንብ ይድረቅ፤ ሲደርቅ የሚሰነጠቀውንም ይድገሙት። ከዚያ አማትሽን ጠይቂያቸውና ስለ በሩ እንነጋገራለን።