የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት በቤት መቀየር ይቻላል? (ኮሮላ፣ አዳማ)

ጠያቂ፣ አዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። የ2005 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ፤ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ናት። 190,000 ኪሎ ሜትር ሄዳለች፤ የካምቢዮ ዘይቷ መቼ እንደተቀየረ የሸጠልኝ ሰውም አያውቅም። በየሳምንቱ አሰላ እመላለሳለሁ። ሰሞኑን ማርሹን ከፒ ወደ ዲ ሳስገባ አፍታ ቆይታ ነው የምትይዘው። የዘይት መለኪያውን መዝዤ ነጭ ሶፍት ላይ ጠብ ባደርገው የቡና አተላ መሰለኝ፤ የማረር ሽታ ግን የለውም። አንድ ጋራዥ «በማሽን ታጥቦ ይቀየር» ብሎኝ ነበር፤ ዋጋው ከአቅሜ በላይ ነው። ግቢዬ ሲሚንቶ ነው፣ ክሪክም አለኝ። ራሴ ብሞክረው ምን ልጠንቀቅ?

መካኒክ፣ አዳማ

ወንድሜ፣ ይቻላል። በመጀመሪያ ዘይቱን ለይ። ያንተ ኮሮላ የሚጠይቀው ታይፕ ቲ-ፎር (T-IV) ነው፤ መለኪያው ዘንግ ላይም ተጽፏል። ሻጩ «ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው» ቢልህ አትቀበለው። ደብልዩ ኤስ የሚባለውም ቀይ ነው፤ ግን ለሌላ ካምቢዮ የተሠራ ቀጭን ዘይት ነው።

መኪናዋን ክሪክ ያንሣት፤ የሚሸከማት ግን የብረት መደገፊያ ይሁን። ብሎኬት ላይ አስደግፈህ ከሥሯ እንዳትገባ እለምንሃለሁ፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈረካከሰው። ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አሙቀህ አጥፋው፤ ለብ ያለ ዘይት በደንብ ይወርዳል። ከአሰላ እንደገባህ ግን አትክፈተው፣ እጅህን ይልጠዋል።

ከሥር ሁለት ቡሎን ታያለህ። የሞተሩ በ14 ቁልፍ የሚፈታው ነው። የካምቢዮው በሹፌሩ በኩል ነው፤ መሐሉ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ አለው። የሞተር ዘይት ሊቀይር የካምቢዮውን አፍስሶ፣ ሞተሩ ላይ ሌላ 4 ሊትር የጨመረ ሰው መኪና ተጎትታ መጥታልኝ ታውቃለች።

የወረደውን ዘይት ሳትለካ አዲሱን አትክፈት! የወረደውን ባዶ የውሃ ፕላስቲኮች ውስጥ ገልብጠህ ቁመቱን በእስክሪብቶ ምልክት አድርግበት። በዚህ መኪና ብዙውን ጊዜ 3 ሊትር ገደማ ነው። የወረደውን ያህል በመለኪያው ቱቦ በኩል በቀስታ መልስ። ይህ ከጠቅላላው ግማሹም አይደለም፤ ቀሪው ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ ትደግመዋለህ፤ ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ። ከማሽን እጥበት ይልቅ ላረጀ ካምቢዮ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

ሹፌር፣ አዳማ

እኔ ደግሞ አትንካው ባይ ነኝ። ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት ተቀይሮ በሳምንቱ ካምቢዮው የቆመበትን ሰው አውቃለሁ።

መካኒክ፣ አዳማ

ጋሼ፣ የሚሉት ይደርሳል። ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ የሚሆነው ዘይቱ አርሮ፣ ፍሪሲዮኑ አልቆ፣ መኪናው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ሲቀየር ነው፤ ያኔ አዲስ ዘይት አያድነውም። የዚህ ልጅ ዘይት ጠቆረ እንጂ አላረረም። ከአዳማ አሰላ ድረስ ከፍታው ወደ 700 ሜትር ይጨምራል፤ ያንን አቀበት በየሳምንቱ በደከመ ዘይት መውጣት ነው ካምቢዮውን የሚገድለው።

አንዲት እህት፣ ወንጂ

ወንድሜ፣ በእኔ የደረሰው እንዳይደርስብህ። ዘይቱ ሳይሞቅ ለክቼ «ጎድሏል» ብዬ ጨመርኩ፣ እንደገና ጨመርኩ። ዘይቱ በዝቶ አረፋ ሠራ፤ ወደ ሶደሬ ስሄድ በመተንፈሻው ተፍቶት ካምቢዮው በሙሉ ራሰ። የሞተር ዘይት ሞተር ጠፍቶ ይለካል፤ የኮሮላ ካምቢዮ ግን ሞተሩ እየሠራ ነው የሚለካው። ሜዳ ላይ አቁም፣ ፍሬን ረግጠህ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል አንድ በአንድ አሳልፈህ ወደ ፒ መልስ፣ ከዚያ ለካ። ጥሩ ከነዳህና ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ መለኪያው ላይ «ሆት» (ሙቅ) በሚለው ክልል ውስጥ መሆን አለበት።

ሌላው የአዳማ ነፋስ ነው። ሳይነሣ በማለዳ ጀምር። መለኪያውንም ክሩ በሚረግፍ ጨርቅ አትጥረግ።

ሌላ ጠያቂ፣ አዳማ

የእኔ ቪትዝ ናት። በዚሁ መንገድ ልቀይር?

መካኒክ፣ አዳማ

ካምቢዮዋ ሲቪቲ (ቋሚ ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ) ከሆነ ቲ-ፎር ጠብታ እንኳ እንዳይገባባት፤ የራሱ የሲቪቲ ዘይት አለው። መለኪያ ዘንግ ከሌላት ደግሞ ልኩ የሚታወቀው በተወሰነ ሙቀት ከሥር በሚከፈት ቡሎን ስለሆነ፣ መሣሪያው ያለው ሰው ይሥራልህ።

ጠያቂ፣ አዳማ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሑድ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጀመርኩ፤ የብረት መደገፊያውን ከጎረቤት ተዋስኩ። የወረደው 3 ሊትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ያንኑ መለስኩ። የቡሎኑን ጋርኒሲዮን በአዲስ ቀይሬዋለሁ። ከፒ ወደ ዲ ስትገባ መዘግየቷ ቀንሷል፣ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ሶፍቱ ላይ ያለው ጠብታ አሁን የሻይ መልክ ይዟል። አሮጌው ዘይት በጀሪካን ተከድኖ ተቀምጧል፤ መሬት ላይ ማፍሰስ አልፈለግሁም። የሚቀበል ጋራዥ የሚያውቅ ካለ ይጠቁመኝ። ከሁለት የአሰላ ምልልስ በኋላ ሁለተኛውን ዙር እሠራለሁ።