የቢሾፍቱ ደርሶ መልስ፦ ለእሑዱ ስብሰባ የሚቀርብ ሐሳብ

ጸሐፊ፦ እሑድ የሚቀርበው ይሄ ነው። ጨምሩበት፣ ቀንሱለት። የዕድራችን የቅጣት ሣጥን ውስጥ 31,400 ብር አለ። ቢሾፍቱ ደርሰን እንመለሳለን፣ በሕዝብ ትራንስፖርት። ኮንትራት መኪና አንይዝም፣ ያለፈውን አይተናል። ሌሊት 11 ሰዓት ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ እንነሳለን። 2 ሰዓት አዲስ አበባ፣ ላምበረት ነን። ከዚያ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ቢሾፍቱ። ረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቁ አፋፍ እንቆማለን። 7 ሰዓት ተኩል መልስ። እስካሁን 24 ሰው ተመዝግቧል።

ጠባሴው፦ 3 ሰዓት ሐይቅ ለማየት 11 ሰዓት ወንበር ላይ? ለዚህማ ጣርማበር አለላችሁ አይደል። የምኒልክ መስኮት ላይ ቆመህ ቁልቁል እስከ ቆላው ድረስ ታያለህ። ጭላዳው በነፃ ነው።

መምህሩ፦ ሐይቅ የለውም።

ጠባሴው፦ ክረምት ላይ ና፣ ውኃ አታጣም።

ገንዘብ ያዥ፦ ቀልዱ ይቆይ። የላይኛው ሰፈር ዕድር ለዳግማ ትንሣኤ ሄዶ የለጠፈውን ፎቶ ሁላችሁም አይታችኋል። እኛ ገደል ልንለጥፍ ነው? ቢሾፍቱ ይሁን። የኔ ጭንቀት ምሳው ነው። አፋፉ ላይ ካሉት ሆቴሎች ገብተን ለ24 ሰው ዓሣ ካዘዝን ሣጥኑን እዚያው ጥለነው እንመጣለን። ወጥ ከቤት ይዘን እንሂድ። የዕድሩ ትልቁ ድስት ይበቃል።

ሹፌሩ፦ እኔ ማክሰኞ ላምበረት ነኝ። የሁሉንም ታሪፍ አጣርቼ እጽፍላችኋለሁ።

ዕቃ ቤት፦ ድስቱ አይወጣም።

ገንዘብ ያዥ፦ ለምን?

ዕቃ ቤት፦ መተዳደሪያ ደንቡን አንብበው። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስት ለሐዘንና ለሠርግ ይላል። ሽርሽር የሚል ቃል የለበትም።

ትንሹ፦ እዚያው ሠርግ እንደግሳለና። ላጤ እንደሆነ ሞልቷል።

ዕቃ ቤት፦ ሳቁ። ባለፈው ለጥምቀት ብላችሁ ያስወጣችሁት ድስት ያለ ክዳኑ ነው የተመለሰው። ይኸው እስከ ዛሬ በሰፌድ ነው የምንከድነው። ማን ዘንድ እንደቀረ ሁሉም ያውቃል።

እማማ (በልጄ ስልክ)፦ ሁሉም ያውቃል ያልከው እኔን ነው። ድስቱን ከነክዳኑ አስረክቤሃለሁ። በእጅህ ነው የተቀበልከኝ። ዝናብ ይሁን ፀሐይ ከዚህ ዕድር ወር ጎድሎብኝ አያውቅም። ለክዳን ስሜ የሚነሳ ከሆነ ከመዝገቡ ፋቁኝ።

መምህሩ፦ አንተ ሰው፣ እማማን ይቅርታ በላቸው።

ዕቃ ቤት፦ የማንንም ስም አልጠራሁም።

እማማ፦ ስም አትጥራ እንጂ ጠቁመሃል።

ጠባሴው፦ ደንቡን ተዉትና ጉዞውን አስቡት። ያንን ድስት ረዳቱ ዝም ብሎ የሚጭነው ይመስላችኋል? የአንድ ሰው ሒሳብ ይጠይቅበታል። ያውም ለደብረ ብርሃን መኪና ብቻ። ላምበረት አውርድ፣ ጫን። ቃሊቲ አውርድ፣ ጫን። ቢሾፍቱ ደግሞ በባጃጅ። ፖርቶመጋላ ላይ ያለ ክዳን የተጫነ ወጥ ሸኖ ሳይደርስ አቧራ ነው የሚሆነው።

ትንሹ፦ በባቡር ቢሆንስ? ቢሾፍቱ ጣቢያ አለው።

ጠባሴው፦ ባቡሩ የሚነሳው በለቡ በኩል ነው። አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠህ ልትሳፈር?

መምህሩ፦ ሐይቁን ያየ ሰው የለም እንዴ? እነዚህ ሐይቆች እኮ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተዋቸው ጉድጓዶች ናቸው። የቢሾፍቱው ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ዳሩም ቁልቁለት ነው። ድስት ተሸክመህ የምትወርድበት አይደለም። ከአፋፉ ቁጭ ብሎ ማየት ነው የሚያምረው፣ ጉልበት ለሚያማቸውም እሱ ይሻላል። ደግሞ ጋቢ አትከምሩ። ከእኛ ደጋ ወደ 900 ሜትር ዝቅ ይላል፣ ይሞቃል።

ገንዘብ ያዥ፦ ባቦጋያ ሐይቅ ብንሄድስ?

መምህሩ፦ አብዛኛው ዳሩ በሎጅ ተይዟል። ሰው ግቢ ገብተን ድስት ልንከፍት ነው?

ዕቃ ቤት፦ ድስቱ አይወጣም አልኩ።

ጸሐፊ፦ ማክሰኞ አለፈ። ሹፌሩ፣ ታሪፉስ?

ጸሐፊ፦ ሹፌሩ?

ትንሹ፦ ስልኩ ይጠራል፣ አያነሳም። እኔም ቅዳሜ ፈተና አለብኝ። ምዝገባውን ሌላ ሰው ይያዝልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ማን ይያዘው?

ዕቃ ቤት፦ ክዳኑ ተገኝቷል። የት እንደተገኘ አይጠየቅም።

እማማ፦ ይጠየቃል እንጂ።

ዕቃ ቤት፦ እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጥፋቱ የኔ ቤት ነው። ውኃ በርሜል ላይ ከድነውት ነበር።

እማማ፦ እንዲያ በል። ይቅር ለእግዚአብሔር። ስሜ ይመለስ። ግን ይኼ ነገር በመዝገብ ይስፈር፣ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው እንዳይታማ። ድስት አንድ ብቻ ስለሆነ ነው ይኼ ሁሉ የመጣው። ለሐዘን የዋለ ድስት ለጨዋታ ሲወጣ እኔም ደስ አይለኝም፣ እውነቱን ለመናገር።

ጠባሴው፦ እዚህ ላይ ከእማማ ጋር ነኝ። ለደስታው ለብቻው ድስት ይገዛ።

ዕቃ ቤት፦ ከተገዛ አልቃወምም። ቁልፉ እኔ ጋ ይሁን።

ጠባሴው፦ በርሜሉም አንተ ጋ ነው።

መምህሩ፦ በቃ!

ጸሐፊ፦ እንዲህ አድርጌ ልጽፈው ነው። አንደኛ፣ ለደስታ ጊዜ የሚውል ሁለተኛ ድስት ከነክዳኑ ከቅጣት ሣጥኑ ይገዛል። ሁለተኛ፣ ዕቃ ሲወጣና ሲገባ ሁለት ሰው ይፈርማል። ሦስተኛ፣ በሚተርፈው ብር ቢሾፍቱ፣ ካልበቃ አንኮበር ወይም ጣርማበር። የተመዘገበው ሰው 9 ደርሷል፣ ወደ ታች ማለቴ ነው።

ትንሹ፦ ሐይቁስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ድስቱ ብረት ይሁን አሉሚኒየም? አሉሚኒየሙ ለመሸከም ይቀላል።

እማማ፦ አሉሚኒየም ወጥ ያሳርራል። ብረት ይሁን።

ዕቃ ቤት፦ ስንት ሰው የሚያበላ?